ምስሉ መለኪያውን ሲቀድም፦ የወጣት ከዋክብት ጄቶችና የታሕተ ቀይ ምልከታ

በ2023 ሐምሌና መስከረም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሁለት የወጣት ከዋክብት አካባቢዎችን የሚያሳዩ ምስሎች በተከታታይ ለሕዝብ ቀረቡ። የመጀመሪያው በቬላ ኅብረ ከዋክብት የሚገኘው ኤች ኤች 46/47፣ ሁለተኛው በፐርሲየስ የሚገኘው ኤች ኤች 211 ነው። በሁለቱም ላይ በአቧራ ከተሸፈነ አንድ ማዕከል ተነሥቶ ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚስፈነጠር ጋዝ ይታያል። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ክፍላችን በሚቀርቡ የጥናት ንድፎችና የሴሚናር ገለጻዎች ላይ ከሁለቱ ምስሎች አንዱ ያልታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ውበታቸውን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም።

የምከራከረው በሌላ ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት፣ ስለ ወጣት ከዋክብት ጄቶች በምንጽፋቸው የማስተርስ ማሟያ ጽሑፎች ውስጥ ምስል የውጤትን ቦታ እየያዘ መጥቷል። ጄት የሚያስነሣው ጥያቄ ግን የመጠን ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ቁስ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ ከዲስኩ ከየትኛው ርቀት ተነሥቶ ይወጣል? ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው መረጃ ደግሞ አብዛኛው ለማንም ክፍት በሆኑ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ተቀምጧል። የማሟያ ጽሑፍን የምንመዝንበት ሚዛን ይህንን ከግምት ውስጥ ያስገባ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጄት ለምን እንደሚያስፈልገን ማስታወስ ይገባል። ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ የሞለኪውል ደመና በራሱ ስበት ሲኮማተር ነው። ደመናው በዝግታም ቢሆን ስለሚሽከረከር፣ በተኮማተረ ቁጥር ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ስለዚህም አብዛኛው ቁስ በቀጥታ ወደ መሐል ከመውደቅ ይልቅ ዲስክ ሠርቶ በማዕከሉ ዙሪያ ይዞራል። በዲስኩ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ ኮከቡ ሊጠጋ የሚችለው የያዘውን አንጉላር ሞመንተም ለሌላ አሳልፎ ከሰጠ ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ኮከቡ አያድግም። ሮጀር ብላንድፎርድና ዴቪድ ፔይን በ1982 በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ስላሉ ዲስኮች ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ዲስኩን ሰንጥቆ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ከገጹ ላይ ጥቂት ጋዝ እየወነጨፈ ብዙ አንጉላር ሞመንተም ሊወስድ ይችላል። ሐሳቡ ለወጣት ከዋክብትም ተወሰደ። ፍራንክ ሹና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ያቀረቡት ተፎካካሪ ሞዴል ደግሞ የጋዙን መነሻ ዲስኩ ከኮከቡ መግነጢሳዊ መስክ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ቀለበት ላይ ይወስነዋል።

ሁለቱ ሞዴሎች በፎቶግራፍ አይለዩም። ሁለቱም ቀጭን ጄት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ያምራሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ወደ ውጭ የሚሄደውን ቁስ ወደ ኮከቡ ከሚገባው ጋር ስናነጻጽር፣ ፍጥነቱ ከጄቱ ዘንግ እስከ ጠርዙ እንዴት እንደሚለወጥ ስንለካ፣ ጋዙ በራሱ ዘንግ ዙሪያ መዞር አለመዞሩን ስንመረምር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት፣ የሚወጣው ከሚገባው አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚል ነው። ይህ ቁጥር ግን ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላው እጅግ ይዋዥቃል፤ የመዋዠቁ ምክንያት ከፊሉ የከዋክብቱ፣ ከፊሉ የአለካካችን ነው። የኋለኛውን ከፊተኛው መለየት ለአንድ ማስተርስ ተማሪ የማይናቅ ሥራ ነው።

የታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን ጥቅም የሚጀምረው ከአቧራው ነው። እጅግ ወጣት የሆኑት ከዋክብት ገና ከወላጅ ደመናቸው አልወጡም። ከፊታቸው ያለው አቧራ በሚታየው ብርሃን 20 ማግኒትዩድ የሚጋርድ ቢሆን፣ ወደ እኛ ከሚጓዙ 100 ሚሊዮን የብርሃን ቅንጣቶች የሚደርሰን አንድ ብቻ ነው። በ2.2 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ግን ያው አቧራ የሚጋርደው ወደ 2.2 ማግኒትዩድ ገደማ ስለሆነ ከ8 ቅንጣቶች አንዱ ያህል ያልፋል። ጄትን ከሥሩ፣ ከተወለደበት ቦታ አጠገብ ለማየት የሚሻ ሰው ከዚህ ብርሃን ሌላ ምርጫው ጥቂት ነው።

የዘርፉን ታሪክ መለስ ብለን ስናይ ወሳኝ እርምጃዎቹ ከስፔክትረም የተገኙ መሆናቸው ጎልቶ ይታያል። ጆርጅ ኸርቢግና ጊዬርሞ ሃሮ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦሪዮን አካባቢ ያጠኗቸው፣ ዛሬ በሁለቱ ስም የሚጠሩት ትንንሽ የብርሃን ጉብታዎች ትኩረት የሳቡት በልዩ የስፔክትረም መስመሮቻቸው ነበር። ምንነታቸው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አወዛገበ። በ1975 ሪቻርድ ሽዋርትዝ ስፔክትረማቸው ከሱፐርኖቫ ቅሪት ጋር መመሳሰሉን አስተውሎ፣ ከወጣት ኮከብ የሚወጣ ፈጣን ነፋስ ያስነሣቸው የግጭት ሞገዶች (ሾኮች) ናቸው የሚል ማብራሪያ ሰጠ። በ1976 በኦሪዮን ደመና ውስጥ የሃይድሮጅን ሞለኪውል መስመሮች በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ ተገኙ። በ1980 ደግሞ ኤል 1551 በተባለው ደመና ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሲፈስ በሬዲዮ ሞገድ ተለካ። ወደ እኛ የሚመጣውንና ከእኛ የሚርቀውን ጋዝ የለየው የመስመሩ የሞገድ ርዝመት ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ጄትና ወጪ ፍሰት አንድ አይደሉም። ጄት ቀጭኑና ፈጣኑ፣ በሰከንድ መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጓዘው ነው። ወጪ ፍሰት የምንለው ደግሞ በአመዛኙ በጄቱና በዙሪያው ባለው ሰፊ ነፋስ እየተገፋ የሚወጣ፣ ዘገም ያለ የደመናው የራሱ ጋዝ ነው። የመጀመሪያው ኮከቡ ዛሬ የሚያደርገውን ሲነግረን፣ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ያደረገውን አጠራቅሞ ይይዛል። በማሟያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ሁለቱ ቃላት አንዱ ለሌላው ተተክተው ሳይ የሚያሳስበኝ የቋንቋ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ መጠነ ቁስ በአንድ ሰንጠረዥ ተደምሮ የሚመጣው ቁጥር የምንም ነገር መለኪያ ስለማይሆን ነው።

ምስል እንዴት ውጤት መስሎ እንደሚታይ ከሁሉ የተሻለ የሚያሳየን የስፒትዘር ቴሌስኮፕ ታሪክ ነው። ስፒትዘር በነሐሴ 2003 መጥቆ በጥር 2020 ሥራውን ያቆመ፣ 85 ሴንቲ ሜትር መስተዋት የነበረው የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ካሜራው በ3.6፣ በ4.5፣ በ5.8 እና በ8.0 ማይክሮሜትር ማጣሪያዎች ያነሣ ነበር። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሦስቱን ወስደው ቀለም ሲሰጡ የ3.6ቱን ሰማያዊ፣ የ4.5ቱን አረንጓዴ፣ የ8.0ውን ቀይ ማድረግን ልማድ አደረጉ። የፍኖተ ሐሊብን ወገብ የሸፈነው ዳሰሳ በዚህ ቀለም ሲቀርብ፣ ግዙፍ ከዋክብት በሚወለዱባቸው ቦታዎች አጠገብ የተዘረጉ አረንጓዴ ጭጋጎች ታዩ። በ2008 ክላውዲያ ሲጋኖውስኪና ባልደረቦቿ ከ300 በላይ የሚሆኑትን መዝግበው ለግዙፍ ወጣት ከዋክብት ወጪ ፍሰት ዕጩ አድርገው አቀረቧቸው። ስማቸውም «የተዘረጉ አረንጓዴ አካላት» ሆነ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ስሙን ያወጣው የቀለም ምርጫ ነው። ማጣሪያዎቹ በሌላ ቅደም ተከተል ቀለም ቢሰጣቸው ኖሮ ዛሬ ስለ ሰማያዊ አካላት እንጽፍ ነበር።

«ዕጩ» የሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች በጥንቃቄ ያስቀመጡት ነው። የ4.5 ማይክሮሜትሩ ማጣሪያ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ሁሉ ያስገባል። በዚህ ውስጥ በሾክ የሞቀ የሃይድሮጅን ሞለኪውል በርካታ መስመሮች አሉ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመሮች አሉ፤ አቶማዊ ሃይድሮጅንም በ4.05 ማይክሮሜትር ያበራል። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ በወጪ ፍሰቱ በተቦረቦረው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ አርፎ የሚበተን የኮከቡ ተራ ብርሃን አለ። በተጨማሪም የቀሩት ሦስት ማጣሪያዎች በካርቦን የበለጸጉ ትልልቅ ሞለኪውሎችን ብርሃን ሲያስገቡ ይህኛው አያስገባም። ስለዚህ አረንጓዴው ጎልቶ መውጣቱ የአንድ ነገር መኖርን ሳይሆን የሌላውን መጉደል ሊያመለክት ይችላል። ጄምስ ደ ቡይዘርና ዊሊያም ቫካ በ2010 ከእነዚህ አካላት የሁለቱን ስፔክትረም በጄሚናይ ቴሌስኮፕ ወሰዱ። በአንዱ የሃይድሮጅን ሞለኪውል መስመሮች በግልጽ ታዩ። በሌላው ግን ምንም መስመር አልነበረም፤ አረንጓዴው ጭጋግ ተራ ቀጣይ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ሁለት ናሙና ስለ 300 አካላት ፍርድ አይሰጥም፤ ሆኖም «አረንጓዴ ስለሆነ ወጪ ፍሰት ነው» የሚለውን አነጋገር ለመዝጋት አንዱ ብቻ ይበቃል። ይህ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም የአረንጓዴውን ጭጋግ ርዝመት በፒክስል ቆጥረው፣ ፍጥነቱን ከሌላ ምንጭ ተውሰው፣ የጄቱን ዕድሜ የሚያወጡ ጽሑፎች ያጋጥሙኛል።

ትክክለኛው መስመር ተለይቶ ሲነሣም ችግሩ አያልቅም። የሃይድሮጅን ሞለኪውል በ2.122 ማይክሮሜትር የሚያበራው መስመር የዘርፉ የዘወትር መሣሪያ ነው። መስመሩ የሚወጣበት የኢነርጂ እርከን ግን ከመሠረቱ ወደ 6,950 ኬልቪን ያህል ከፍ ያለ ነው። ጋዙ ከሙቀቱ ጋር በሚዛን ላይ ነው ብለን ብናሰላ፣ በ2,000 ኬልቪን ያለ አንድ ሞለኪውል በዚህ መስመር የሚሰጠው ብርሃን በ500 ኬልቪን ያለው ከሚሰጠው ወደ 8 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ ማለት በምስሉ ላይ ደምቆ የሚታየው ቦታ ብዙ ጋዝ ያለበት ሳይሆን ጥቂትም ቢሆን የጋለ ጋዝ ያለበት ነው። ለብ ያለውና ብዙ ቁስ ሊይዝ የሚችለው ክፍል በዚህ መስመር አይታይም። እርሱን ለማየት ወደ ረዣዥሞቹ የሞገድ ርዝመቶች፣ ለምሳሌ ወደ 17.03 ማይክሮሜትሩ መስመር መሄድ ያስፈልጋል፤ የዚህ እርከን ከፍታ 1,015 ኬልቪን ገደማ ብቻ ነው። የጄምስ ዌብ መካከለኛ ታሕተ ቀይ መሣሪያ ይህንን ይለካል። ከሁሉ ዝቅተኛውን፣ በ28.2 ማይክሮሜትር ያለውን መስመር ግን ለጥቂት ያመልጠዋል። ስለዚህ ከዚህ መሣሪያ በሚወጣ መጠነ ቁስ ላይ «ቢያንስ» የሚለው ቃል መቅደም አለበት።

ኤች ኤች 211 ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ1994 በ2.122 ማይክሮሜትሩ መስመር የተገኘው ይህ ጄት ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በመሐሉ ያለው ኮከብ እስካሁን የሰበሰበው መጠነ ቁስ የፀሐይን 8 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ቶም ሬይና ባልደረቦቹ በ2023 በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ጋዙ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ፣ ነገር ግን ከፊቱ ያለውን ጋዝ የሚመታበት የፍጥነት ልዩነት ከዚህ በጣም እንደሚያንስ አሳየ። ምቱ ለስላሳ ስለሆነ ሞለኪውሎቹ አይበታተኑም፤ ጄቱም በአመዛኙ ሞለኪውላዊ ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ግኝት ዓለምን ከዞረው ባለ ቀለም ምስል በዓይን የሚነበብ አይደለም። ምስሉን አጉልቶ ለሰዓታት የሚመለከት ሰው የአንድ ጉብታ ጋዝ ከፊቱ ካለው ጋዝ በምን ያህል እንደሚፈጥን ሊያውቅ አይችልም።

የብረት መስመሮች ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። አንድ ኤሌክትሮን የተነጠቀ የብረት አቶም በ1.257 እና በ1.644 ማይክሮሜትር ያበራል። ሁለቱ መስመሮች የሚወጡት ከአንድ የኢነርጂ እርከን ስለሆነ የተፈጥሮ ውድራቸው በጋዙ ሙቀትም ሆነ እፍጋት አይለወጥም። የሚለውጠው በመካከል ያለው አቧራ ብቻ ነው። ውድሩን ለክቶ የአቧራውን መጠን ማውጣት፣ ከዚያም የጄቱን እውነተኛ ድምቀት ማረም የተለመደ አሠራር ነው። ይሁንና የተፈጥሮ ውድሩ ራሱ በየትኛው የአቶም ስሌት እንደምንመራ ከ1.1 አካባቢ እስከ 1.36 ይለያያል። በተለመደው የአቧራ ሕግ ይህ ልዩነት ብቻውን በሚታየው ብርሃን 2.5 ማግኒትዩድ ያህል የመጋረድ ልዩነት ያመጣል፤ በ1.644 ማይክሮሜትር የሚታረመውን ድምቀት፣ ከእርሱም ጋር የጄቱን መጠነ ቁስ፣ በ1.5 እጥፍ ገደማ ይለውጠዋል። ሁለት ተማሪዎች አንድን ጄት በአንድ መረጃ አጥንተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ስሌታቸው ትክክል ነው። ይህንን ልዩነት በአሥር ጄቶች ላይ በጥንቃቄ የሚመረምር ማሟያ ጽሑፍ አንድም አዲስ ምስል ባይኖረው እንኳ፣ እኔ ፈታኝ ብሆን በደስታ አሳልፈው ነበር።

ጊዜ ደግሞ ከትልቅ መስተዋት ጋር የማይገዛ ነገር ነው። ጄቶች ይንቀሳቀሳሉ። በኤች ኤች 211 ርቀት ላይ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጉብታ በዓመት 0.066 ቅስት ሰከንድ ያህል በሰማይ ገጽ ላይ ይሄዳል፤ በ20 ዓመት 1.3 ቅስት ሰከንድ መሆኑ ነው። ይህ ከስፒትዘር ካሜራ አንድ ፒክስል ይበልጣል። እንግዲህ የ2004 የስፒትዘር ምስል ከጄምስ ዌብ ምስል ጎን ሲቀመጥ አሥር እጥፍ ያህል ደብዛዛ ቢሆንም ዋጋው ግን አልወረደም። እንዲያውም በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ጉብታው ያን ጊዜ የት እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ የለም። በሐዋይ በሚገኘው 3.8 ሜትር ቴሌስኮፕ የተካሄደው የ2.122 ማይክሮሜትር ዳሰሳም እንዲሁ ነው። አዲስ ቴሌስኮፕ የሌለው ተማሪ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለው ስጋት በዚህ የምርምር ዓይነት ላይ አይሠራም። በሁለቱ ምልከታዎች መካከል ያለፉት ዓመታት ለእርሱም ለማንም እኩል አልፈዋል።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። ምስል ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ያስነሣል። በኦሪዮን የሚገኘው ኤች ኤች 212 በ1998 ሲታወቅ ያስደነቀው በሁለቱ ክንፎቹ ላይ ያሉት ጉብታዎች እንደ መስተዋት ነጸብራቅ በጥንድ መቀመጣቸው ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ጄቱ በየጊዜው እንደሚተፋ፣ ትርታውም ከኮከቡ አጠገብ እንደሚመነጭ ታሰበ። በ2024 የቀረበው የሰርፐንስ አካባቢ የጄምስ ዌብ ምስል ላይም በርካታ ጄቶች ወደ አንድ አቅጣጫ አጋድለው መታየታቸው፣ ከዋክብቱ የወላጅ ደመናቸውን የሽክርክሪት አቅጣጫ ይጠብቁ ይሆን የሚል ጥያቄ አስነሥቷል። እነዚህን ምሳሌዎች አከብራለሁ። ነገር ግን የኤች ኤች 212 ክርክር የቆመው የእያንዳንዱ ጉብታ ርቀት ከማዕከሉ ተለክቶ ከጥንዱ ጋር ስለተነጻጸረ ነው፤ የሰርፐንሱም የእያንዳንዱ ጄት አንግል ተለክቶ ነው። ዓይን ጥያቄውን አቀበለ፤ መልሱን ግን አልሰጠም። በእኛ ዘንድ የምቃወመው ዓይን ጥያቄውን አቀብሎ ጽሑፉ እዚያው ላይ ሲዘጋ ነው።

ለምን እዚያው ላይ እንደሚዘጋ ሳስብ ምክንያቱ የተማሪው ስንፍና አይመስለኝም። በአንድ በኩል የጥናት ንድፍ ሲገመገም «የራሱ መረጃ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ከክፍት ቋት የተወሰደ መረጃ እንደ ተውሶ ልብስ ይታያል። የማውቀው አንድ የጥናት ንድፍ «አዲስ ምልከታ የለውም» በሚል ቃል ብቻ ተመልሷል። በሌላ በኩል ታሕተ ቀይ ካሜራ የለንም። ስለዚህ ተማሪው ከውጭ አገር ተባባሪ የተዘጋጀ ምስል ተቀብሎ፣ መግለጫ ጽፎለት፣ «አዲስ» የሚለውን መስፈርት ያሟላል። ምስሉ አዲስ ነው፤ በውስጡ ያለውን ግን ማንም አልለካም። መስፈርቱ ሊያበረታታ የፈለገውን ነገር ራሱ ሲያከሽፈው ይታየኛል።

የመረጃው ባለቤትነት ጉዳይ በሥነ ፈለክ ዓለም ከተፈታ ቆይቷል። የጄምስ ዌብ ምልከታ አመልካቹ ብቻውን የሚይዝበት ጊዜ ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ከፊሉም ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ክፍት ነው። የስፒትዘር መረጃ ሁሉ ክፍት ነው። የማቀነባበሪያ ሶፍትዌሩ በፓይዘን የተጻፈና ነጻ ነው። የሚቀረው እንቅፋት ኢንተርኔትና ኮምፒዩተር ነው፤ እርሱንም አላቃልልም። ሆኖም ጥሬ መረጃውን ሳይሆን የተቀነባበረውን የስፔክትረም ኪዩብ ብቻ ማውረድ ሸክሙን እጅግ ያቀልለዋል፤ በአንድ ሌሊት ግንኙነቱ ሦስት ጊዜ ቢቋረጥም ጠዋት ላይ ፋይሉ ወርዶ ይገኛል። ትምህርት ክፍሉ በብዛት የሚፈለጉትን ኪዩቦች አንድ ጊዜ አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጣቸው ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ያንኑ ሌሊት ባልደገመው።

ታሕተ ቀይ ካሜራ በእንጦጦ ይተከል የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። አልቃወመውም፤ ግን የማስተርስ ተማሪ ሊጠብቀው አይገባም። ከ2.3 ማይክሮሜትር በላይ አየሩና ቴሌስኮፑ ራሳቸው ያበራሉ፤ ጄምስ ዌብ ከ50 ኬልቪን በታች የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። እንጦጦ ያለን ሌላ ሀብት ነው፦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የቆሙ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች፣ እንዲሁም ኦሪዮን በሌሊት ከፍ ብሎ የሚታይባቸው ወራት ከደረቁ በጋችን ጋር መግጠማቸው። ከተማው መብራት አለበት፤ ጠባብ ማጣሪያ ግን የመብራቱን ብዙውን ክፍል ያስቀራል።

ስለዚህ አንድ የተወሰነ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኸርቢግና ሃሮ ያጠኗቸው ኤች ኤች 1 እና 2 ወደ 400 ፓርሴክ ገደማ ይርቃሉ። ከአዲስ አበባ ሲታዩ በእኩለ ሰማይ መስመር ላይ ሲደርሱ ከራሳችን ቁልቁል 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ይላሉ። ፈጣኖቹ ጉብታዎቻቸው በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚጓዙ በዓመት ወደ 0.16 ቅስት ሰከንድ ይንቀሳቀሳሉ። የሐብል ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ ካነሣቸው ወዲህ ባሉት ዓመታት ይህ ከ4 ቅስት ሰከንድ ይበልጣል፤ ለ1 ሜትር ቴሌስኮፕ በቂ ነው። በሰልፈር 6,716 እና 6,731 አንግስትሮም መስመሮች ማጣሪያ በአንድ በጋ የተነሡ ምስሎች ከሐብሉ ጋር ተስተካክለው ሲነጻጸሩ የየጉብታውን ፍጥነት ይሰጣሉ። ያንን ፍጥነት ከጄምስ ዌብ የብረትና የሃይድሮጅን ሞለኪውል መረጃ ጋር አጣምሮ፣ የአቧራውን እርማት ከላይ በጠቀስኩት በሁለቱም ውድር አስልቶ፣ የሚወጣውን ቁስ ከስሕተት ወሰኑ ጋር ማቅረብ ይቻላል። ይህ ሥራ ግማሹ የራሳችን ምልከታ፣ ግማሹ የክፍት ቋት ነው። ኮሚቴው የትኛውን ግማሽ «አዲስ» ብሎ እንደሚቆጥር ከመጪው ኅዳር በፊት ቢወስን፣ ኦሪዮን ከፍ በሚልበት ወር የማጣሪያው ጥያቄ አብሮ ሊቀርብ ይችላል።